አራት ሌንስ ይዤ ወደ ወሎ

ይህን የምጽፈው መካነ ሰላምን ለማታውቋት፣ ምናልባትም መቼም ለማትረግጧት የድሬዳዋ ወዳጆቼ ነው። እኔም ብሆን ባለቤቴ ሰናይት ባትገፋፋኝ ኖሮ አልሄድም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምታውቁት የምተዳደረው ሠርግና ምርቃት እያነሳሁ ነው። አንድ የባህል ሙዚቃ ቡድን በዓረብ አገሮችና በቱርክ ለብዙ ወራት ሊዞር ሲነሳ ፎቶ አንሺ ሆኜ እንድከተለው ጠየቀኝ። በደስታ እሺ አልኩ። ወዲያው ግን የቡድኑ ኃላፊ ደወለና፣ “የአንተ ዕቃ በትከሻህ የምትይዘው አንድ ቦርሳ ብቻ ነው። ሻንጣው ለከበሮና ለልብስ ነው” አለኝ። እኔ አራት ሌንስ አለኝ። ካሜራውና ቻርጀሩ ከገቡ በኋላ ቦርሳው የሚበቃው ለሁለት ነው።

ሌንስ ማለት የካሜራው ዐይን ነው፤ እየነቀሉ ይቀያይሩታል። ሰፊው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ቤተሰቡን በሙሉ ያስገባላችኋል። ረጅሙ ማዶ ያለውን ጎትቶ ደጃችሁ ላይ ያቆመዋል፤ ግን ክንድ ያክላል፣ ትከሻ ይቆርጣል። ዙሙ ሲፈልጉት ያቀርባል፣ ሲፈልጉት ያርቃል፤ እንጀራዬን የምበላው በእሱ ነው። አራተኛው ሃምሳ የምንለው ነው። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ማቅረብም ማራቅም አያውቅም። ሰው ማቅረብ ከፈለጋችሁ በእግራችሁ ትጠጋላችሁ።

እነዚህን አልጋ ላይ ደርድሬ ስንት ቀን ተከራከርኩ! ሁለቱን አነሳለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ሌሎቹን አነሳለሁ። በመጨረሻ ሰናይት ሰለቻት።

“አራቱንም ይዘህ ወላጆቼ ጋ መካነ ሰላም ሂድ” አለችኝ። “እነ አባባን ሳትሰናበት ባሕር ብትሻገር ይቀየሙሃል። በዚያውም የትኛውን እንደምታወጣ፣ የትኛው ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ እንደሚመለስ ታየዋለህ። የተኛውን ለእኔ ትተዋለህ።”

እሷ አስተማሪ ናትና ክፍል ጥላ መሄድ አልቻለችም። እኔ ተነሳሁ።

ሐሙስ

ሰናይት ወፍራም ሹራብና ጃኬት ስታሲዘኝ የሰፈር ሰው ሳቀ። “አቦ፣ የት ልትሄድ ነው? በረዶ አገር ነው እንዴ?” አሉኝ። ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር ላብ እየጠረገ ለተቀመጠ ሰው ጃኬት ያስቃል። አዲስ አበባ እስክንደርስ ድረስ ስለ መንገዱ የምነግራችሁ የለኝም፤ አብዛኛውን ተኝቼ ነው የሄድኩት።

ዓርብ

ደሴ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ድሬ ላይ አልጋ የያዘ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማራገቢያው ይሠራ እንደሆነ ነው። እኔም ከልማድ “ማራገቢያ አለው?” ብዬ ጠየቅሁ። የሆቴሉ ሴትዮ ትክ ብለው አዩኝ። “የኔ ልጅ፣ አሞሃል?” አሉና ሁለት ተጨማሪ ብርድ ልብስ አመጡልኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ትኩስ የአብሽ መጠጥ በብርጭቆ ይዘው መጡ። ትኩሳት አለው ብለው ነው። ደኅና ነኝ ብል የሚሰሙ አልነበሩምና ጠጣሁት።

ቅዳሜ

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው መንገድ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው፣ ከዚያም አሁንም ወደ ላይ ነው። ዛፍ እያነሰ፣ ገብስ እየበዛ፣ ሰዉ በወፍራም የሱፍ ባና እየተጠቀለለ ይሄዳል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቦርሳዬን እግሬ ሥር ሳደርገው አዩና፣ “ምንድን ነው እንዲህ የምትሳሳለት?” አሉኝ። የካሜራ ዕቃ መሆኑን ስነግራቸው ቦርሳውን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር እንደ ሕፃን እቅፍ ያደርጉታል። ልቀበላቸው ብል፣ “ተወው፣ እኔ ወገቤ እንጂ እጄ አልደከመም” አሉ።

አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ጠባቂው ረጅሙን ሌንስ ከቦርሳዬ ሲያወጣ ፊቱ ተለወጠ።

“ይኸ ምንድን ነው?”

“የካሜራ ሌንስ ነው። ሩቅ ያለውን ያቀርባል።”

“መድፍ ነው የሚመስለው። እስቲ ያቅርብልኝ።”

ካሜራው ላይ ገጠምኩና ሰጠሁት። ወደ ማዶው ተረተር አዙሮ አጮለቀ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየዋል።

“የኔ ቤት ነው!” ብሎ ጮኸ። “ወላሂ የኔ ቤት ነው! ኧረ በሬው… በሬው አጥሩን ጥሶ ገብሱ ውስጥ ገብቷል!”

ካሜራውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ስልክ ደወለ። ሚስቱ እንዴት እንዳወቀ ጠይቃው መሰለኝ፣ “ዝም ብለሽ አውጪው!” አላት። ከዚያ በካሜራው ውስጥ ሚስቱ በሬውን እየነዳች ስታወጣ እያየ ለተሳፋሪው ሁሉ ይተርክ ጀመር። አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ሲሸኘን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ስንጓዝ ግን እኔ አልሳቅሁም። እዚህ በሬ አዳነኝ። በማላውቀው አገር፣ ቋንቋውን በማልሰማው ኬላ ላይ፣ ይኼን መድፍ መሳይ ማን ያስረዳልኛል? ረጅሙን እዚያው መቀመጫዬ ላይ ሆኜ በልቤ ቀነስኩት።

እሑድ

መካነ ሰላም የአማቶቼ ቤት ከገበያው በላይ ነው። አማቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ “አንቱ” ነው የሚሉኝ። የድሬ ሰው ይኼን መስማት አለበት። እኛ ጋ ሽማግሌውም ሕፃኑም “አንተ” ነው፤ ፍቅራችን ነው እንላለን። እዚህ ግን በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት “ኧረ ይቅረቡ፣ ኧረ አልበሉም” ሲሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ እየመሰለኝ እዞር ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ ተሰበሰበና ፎቶ ይነሳ ተባለ። ደጁ ላይ ነፋሱ ነጠላ ስለሚገፍፍ ሁሉም ቤት ውስጥ ታጨቀ። ሰፊውን አወጣሁ። ጥግ ላይ ተለጥፌ አንድም ሰው ሳይቀር አስገባኋቸው። ኮራሁ። ፎቶውን በካሜራው መስታወት ላይ ሳሳያቸው ግን ዳር ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደነገጡ።

“ይኸ የኔ ራስ ነው? ድንች አስመሰሉኝ እኮ!”

ሰፊ ሌንስ ዳር ያለውን ይለጥጣል። ላስረዳ ብሞክር ቤቱ በሳቅ አላስወራ አለኝ። ወደ መሐል አምጥቼ ደግሜ አነሳኋቸው፤ በእሳቸው ቦታ ዳር የተቀመጠው ወንድማቸው በተራው ድንች ሆነ።

ዘመድ ሲበተን አማቴ አቶ ይመር ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ወሬያቸው አጭር ነው።

“ቡድንህ የሚያልፍባቸውን ከተሞች ሰናይት በስልክ ነግራኛለች። አንዷ የዘሃራ ከተማ ናት።”

ዘሃራ የወንድማቸው የሸህ ሙሄ ልጅ ናት። አዎ፣ ወንድማቸው። አቶ ይመር ክርስቲያን ናቸው፣ ሸህ ሙሄ አጅባር ከተማ አጠገብ ቁርኣን ያስቀራሉ። አንዱ የእናታቸውን ሌላው የአባታቸውን መንገድ ያዙ። ለወሎ ሰው ይኼ ወሬ አይደለም፤ እኔ ስደነቅ ነው የተደነቁብኝ።

ዘሃራ ዓረብ አገር ሰው ቤት ለሥራ ከገባች ዓመታት አልፈዋል። እናቷ ስትሞት አሠሪዎቿ አልለቀቋትም። ሐዘኑ ቤት ስትደውል ስልኩን ያነሱት አባቷ ነበሩ። በዚያ ንዴትና እንባ መሐል፣ “እናትሽን ሳትቀብሪ አባት አለኝ አትበይ” አሏት። ከዚያን ቀን ወዲህ እሷ ትደውላለች፣ እሳቸው ስልክ ሲጮህ ተነስተው ይወጣሉ።

“ወንድሜን ፎቶ አንሳና ውሰድላት” አሉ አቶ ይመር። “እኔ ብለምነው እምቢ ብሎኛል። አንተ እንግዳ ነህ፤ እንግዳን አያሳፍርም። እሷም እዚያ፣ እሱም እዚህ፣ በአንድ ክፉ ቃል ሊያልቁ ነው።”

ለሰናይት ደውዬ ነገርኳት። “ከዘሃራ ጋር ነው ያደግሁት” አለችኝ ብቻ።

ማክሰኞ

ሰኞን ወደ ደሴ በመመለስ አሳልፌ ማክሰኞ ጠዋት የአጅባሩን አውቶቡስ ያዝኩ። ገበያ ነበረና ጣሪያው ላይ የእህል ጆንያ፣ ውስጡ እኛ ታጭቀናል። ቦርሳዬን የሚያቅፍልኝ እናት ስላልነበረ ከራሴ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። አንዲት አህያ መንገዱ መሐል ቀጥ ብትል ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። ቦርሳው በረረ።

ከፍቼ ሳይ ዙሙ ተቆልፏል። ቀለበቱ አይዞርም፤ ብሞክረው ብሞክረው ደረቀ። ሠርግ ያነሳሁበት፣ ቤት ኪራይ የከፈልኩበት ሌንስ! ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ አውቶቡሱ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ዘይት ጠብ አድርግበት አለ። ረዳቱ ቫዝሊን አመጣ። አንዲት ሴት “የፈጣሪን ስም ጥራና አዙረው” ብላ መከረችኝ። ቢስሚላሂ ብሎ አንድ ወጣት አዞረው፤ እምቢ አለ። ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ አንድ ሽማግሌ ሒሳቤን ቀድመው ከፈሉ።

“አብሽር” አሉኝ። “ዕቃ ይተካል። ራስህ ላይ ቢወርድ ኖሮ ምን እንል ነበር?”

መቅደላን አየህ ወይ ለምትሉኝ፣ ያየሁት ጉም ነው። ሰዎች በጣታቸው እያመለከቱ “ያ ነው አምባው” አሉኝ። ረጅሙን ገጥሜ አመለከትኩ፤ ጉሙ ቀረበልኝ።

ሸህ ሙሄ ቤት የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ የተከበበ፣ ግቢው ውስጥ ልጆች በአንድ ላይ ድምፅ አውጥተው የሚቀሩበት ቤት። የልጃቸው ሚስት ፋጡማ ተቀበለችኝ፣ እግሬን አሳጠበችኝ፣ የገብስ ቂጣ በቅቤ አበላችኝ። ሸህ ሙሄ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የነጣ ሰው ናቸው። የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ፣ የድሬን ከብት ሳይቀር ጠየቁኝ። ድሬ ላይ ያለኝ ከብት አንድ ድመት መሆኗን ስነግራቸው፣ “እሷስ ደኅና ናት?” አሉ፣ ከምራቸው።

ለዘሃራ የምወስደውን ፎቶ ነገር አነሳሁ።

“እኔ ለመታወቂያ ካልሆነ ተነስቼ አላውቅም፣ ልጄ” አሉ። “ፊት ምን ይሠራል? አላህ ያውቀዋል፣ ይበቃል።” ተነስተው ወደ ልጆቹ ሄዱ።

ፋጡማ አንገቷን ደፋች። “ስሟን አልጠሩም፤ አልተቆጡምም” አለችኝ ቀስ ብላ። “ይኸም ጥሩ ነው።”

እኔ ግን ተስፋ ቆርጬ ነበር። ዙሙ የለኝ፣ ፎቶው የለኝ። በሰጡኝ ባና ተጠቅልዬ ቶሎ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ቦርሳዬን ስዘጋ ፋጡማ መጣች። ፊቷ በርቷል።

“ከሱብሒ ሰላት ሲመለሱ ጠየቁኝ” አለች። “‘ይኸ ልጅ ዘሃራን በዐይኑ ያያታል?’ አሉኝ። ‘አዎ፣ አጠገቧ ይቆማል’ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ደጅ ተቀምጠዋል። አይሂዱ ትንሽ።”

ወጣሁ። ሸህ ሙሄ ፀሐይ ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠዋል። ለእኔም ሌላ በርጩማ ፊት ለፊታቸው አለ።

“አራት ዐይን ተሸክሞ ይዞራል አሉኝ” አሉ። “አሳየኝ እስቲ።”

ጋቢ ላይ ደረደርኳቸው። እያንዳንዱን አነሱ፣ አመዛዘኑ፣ በአንድ ዐይናቸው አጮለቁ። ስለ በሬው ነገርኳቸው። ስለ ድንቹ ነገርኳቸው፤ “ጥሩወርቅን!” ብለው ጢማቸውን ያዙ። የተሰበረውን በሐዘን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው መለሱልኝ። በመጨረሻ ትንሿን ሃምሳ አነሱ።

“ይኸስ?”

“ይኼ ምንም አያውቅም፣ አባባ። አያቀርብም፣ አያርቅም። ሁለት ሰዎች እንዲህ እንደ እኛ ተቀምጠው ሲተያዩ እንደሚታየው ነው የሚያሳየው።”

ወደ ዐይናቸው አስጠግተው በእሱ ውስጥ አዩኝ።

“እንግዲያው በዚህ አንሳኝ” አሉ። “እንዳልተቆጣሁ ይታይ።”

ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። አነሳሁ። ደገምኩ። ሦስተኛውን ካነሳሁ በኋላ “አሳየኝ” አሉ። አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ይኸማ ዳኛ ነው። ይኸን ብትወስድላት ጭራሽ ትቀራለች።”

“ይሳቁ” ብል ደግሞ ጥርሳቸውን ብቻ አሳዩኝ። ፋጡማ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ በረጅሙ ሌንስ ርቄ ሳያውቁኝ ልሰርቃቸው አሰብኩ፤ ግን ፊት ለፊቴ በርጩማ ያስቀመጠልኝን ሰው መስረቅ ከበደኝ። ካሜራውን ጭኔ ላይ አደረግሁት።

“ዘሃራ ልጅ ሆና እንዴት ያለች ነበረች?” አልኳቸው።

“ወይ ዘሃራ!” አሉ። ከዚያ፣ “ሉህ ታውቃለህ? ልጆቹ የሚጽፉበትን የእንጨት ሰሌዳ?” አሉኝ።

“አውቃለሁ።”

“አጅባር ገበያ ውሰደኝ ብላኝ፣ ‘ልጆቹ የተጻፈላቸውን ሳይጨርሱ አልወስድሽም’ አልኳት። ይህችን ታክላለች።” እጃቸውን ከበርጩማው ከፍ አደረጉ። “ለዙሁር ሰላት ገብቼ ስወጣ ልጆቹ ሉሃቸውን አቅፈው ያለቅሳሉ። አንድ ፊደል የለም! ሁሉንም ሰብስባ ወንዝ ወስዳ አጥባዋለች። አጥባ ደግሞ በፀሐይ ደርድራ አድርቃ በየባለቤቱ መልሳለች! ‘ዘሃራ!’ ብዬ ጮህኩ። እናቷ ቀሚስ ሥር ገብታ ድምጿ ብቻ ይወጣል። ‘አባየ፣ አሁንማ ጨረሱ’ አለችኝ…”

ሳቁ ከሆዳቸው መጣ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ጥምጥማቸው ወደ አንድ ወገን ዘመመ፣ ዐይናቸው ጠፋ። ካሜራውን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። እኔና እሳቸው እጅ ለእጅ በሚያጨባብጥ ርቀት ላይ ነበርን። አነሳሁ።

ከዚያ ሳቁ አለቀና ሌላ ነገር መጣ። የጋቢያቸውን ጫፍ ፊታቸው ላይ አደረጉ።

“ይኸን አታንሳ” አሉኝ ከጋቢው ውስጥ።

ካሜራውን አጠፋሁት። ልጆቹ ይቀራሉ። ፋጡማ ወደ ጓዳ ገባች። እሳቸው ጋቢያቸውን እስኪገልጡ ድረስ ከበርጩማዬ አልተነሳሁም።

ሲሸኙኝ እስከ መንገዱ ወጡ። “ስልክ ላይ አትላክላት” አሉኝ። “በወረቀት አውጥተህ በእጅህ ስጣት። ‘አየሁት፣ ደኅና ነው’ በላት። አላህ መንገድህን ያግራልህ።”

ከዚያ በኋላ

ደሴ ላይ በወረቀት አሳተምኩት። አሳታሚው ልጅ አይቶ፣ “አባትህ ናቸው?” አለኝ። አዎ አልኩት፤ ለማስረዳት ረጅም ነበር።

ድሬ ስገባ ሙቀቱ በሩ ላይ አቀፈኝ፤ ጃኬቴን ለቀጣዩ ሳቅ ሰቀልኩት። ሰናይት ቦርሳውን ራሷ ፈታችው። የተበላሸው ዙም ወደ ጠጋኝ ሄደ። ረጅሙ ቁም ሣጥን ገባ። ሰፊውን ለመድረኩ ያዝኩ፤ ዳር የሚቆሙትን ዘፋኞች ድንች እንዳላደርጋቸው እየተጠነቀቅሁ። ሃምሳውን ካሜራው ላይ እንደተገጠመ ተውኩት።

ዘሃራን ያገኘኋት ቡድናችን ከተማዋ ሲደርስ፣ በዕረፍቷ ቀን፣ ሐበሾች በሚሰበሰቡበት የባሕር ዳርቻ መናፈሻ ነው። ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ በላስቲክ ሳምቡሳ ይዛልኝ መጣች። ስለ ሁሉም ሰው ጠየቀች፤ ስለ አባቷ ብቻ አልጠየቀችም። ፎቶውን ከፖስታው አውጥቼ ሰጠኋት።

በሁለት እጇ ያዘችው። ንፋሱ እንዳይወስደው ወደ ደረቷ አስጠጋችው፣ መልሳ አራቀችው።

“ከስቷል” አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ “ማን ነው እንዲህ ያሳቀው?” አለችኝ።

“አንቺ ነሽ” አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም። ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ፎቶውን ላለመልቀቅ ስልኩን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ፋጡማ አነሳች። ከኋላዋ ልጆች ሲቀሩ ይሰማል። “ዘሃራ ናት” ስትል ሰማናት፣ ለሌላ ሰው። ዘሃራ ዐይኗን ጨፈነች። እኔም የሚወጣ ሰው ኮቴ ጠበቅሁ።

የልጆቹ ድምፅ ቀጥ አለ። በር ተከፍቶ የብዙ እግር ሩጫ፣ የልጅ ጫጫታ ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ ስልኩ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

“ልጆቹን ለዛሬ አሰናብቻቸዋለሁ” አሉ ሸህ ሙሄ። “በይ አውሪኝ፣ ዘሃራየ።”